ቢራው ሰብቷል

ሆልቤክ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ 1996

ለወንድሜ ለአባ ፊርሚን፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ዳሌዬን ለጠየቅኸው፣ አዎ፣ ድኗል፤ የምድር ቤቱን ደረጃ አሁን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ፣ ስወጣ ብቻ እሳደባለሁ። አበምኔቱ ዛሬም ደብዳቤህን ከፍተው የሚያነቡ ከሆነ ለሳቸውም ሰላምታዬን እዚሁ አቀርባለሁ፤ ለስድቡም ይቅርታ።

ስለ ዮሪስ ለጠየቅኸው ደግሞ፣ አዎ፣ መጥቶ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። የአጎታችን የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ በሩ ላይ ሲቆም ገና ሳይናገር አውቄዋለሁ። አፍንጫው ቁርጥ አጎታችን ነው፤ መልኩን ማለቴ ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። እስከ ዛሬ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሲሸጥ ኖሮ፣ አሁን ቢራ ናፈቀኝ ይላል። ምን እንደፈለገ ገና አልነገረኝም፤ ላንተ ጽፎልህ ከሆነ አንተ ንገረኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቢራ ቀማሚዎች ማኅበር መዝገቡን እያጸዳ ነው። በየቤቱ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ እስከ ፋሲካ ድረስ በፊርማ ይረጋገጥ ብሏል። የኛ ጠርሙስ «ቨርሃሰልት እና ወንድ ልጁ» ነው የሚለው። ወንድ ልጁ አንተ ነህ። አባባ ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት፣ አንተ ከመነኮስክ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በርሜል የከፈተው፣ የሦስት ዓመቱን ቢራ ከአንድ ዓመቱ ጋር ቀምሶ ያዋሐደው፣ ቡሹን የመታው ማን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ «የፊርሚን እህት» ነው የሚለኝ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እዚህ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ፈርመህ ስሙን ለኔ አስተላልፍልኝ። ስም ያለው ሰው በሜይ ወር በቢራው በዓል ላይ ጠረጴዛ ይዞ ቢራውን ይቀዳል፤ ስም የሌለው ብርጭቆ ተቀብሎ ሲዞር ይውላል። በስሙ የታሸገውም ቢራ ከስሙ ጋር ነው የሚሄደው፤ ባለፈው መከር ያሸግሁት ሁሉ ማለት ነው። እኔ ደግሞ በስልሳ ስድስት ዓመቴ በገዛ ቢራዬ ላይ እንግዳ መሆን አልፈልግም።

ጉሮሮህን በሻርፕ ሸፍን።

እህትህ አሊዳ


ከገዳሙ፣ አርደን፣ ማርች 3፣ 1996

ለውድ እህቴ ለአሊዳ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። በዐቢይ ጾም ደብዳቤ የምንጽፈው በፈቃድ ነው። አበምኔቱ አንድ ገጽ ፈቅደውልኛል፤ ግማሹን በሰላምታ ብጨርሰው እንዳትቆጪኝ። ደብዳቤ መክፈት ከቀረ ቆይቷል፤ ሰላምታሽን ግን በቃል አድርሻለሁ፣ ስድቡንም ጭምር። ሳቁ፤ በጾም ሲስቁ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳሉ ትቶኛል። አይቡ ዘንድሮ አምሮበታል፤ ወንድም አርኑልፍ ከታመመ ወዲህ አይቡን በየቀኑ የማገላብጠው እኔ ነኝ፤ ወገቤ ግን አልወደደውም። በረዶው ገና አልቀለጠም። ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ወረቀቱን ፈርሜያለሁ። በትናንቱ ፖስታ ለማኅበሩ ሄዷል። ለሁላችንም የሚበጀውን ያደረግሁ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ገጹ አለቀ።

ወንድምሽ ፊርሚን


ሆልቤክ፣ ማርች 9፣ 1996

ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይቅር በይኝ የምትለው ስለ ምንድን ነው? አርባ ዘጠኝ ዓመት ዘገየሁ ብለህ ከሆነ ይቅር ብያለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ድመቷ ሸሸች።

ለጠረጴዛው አዲስ የጠረጴዛ ልብስ ገዝቻለሁ፣ ነጭ ነው፣ ጠርዙ አረንጓዴ። የምቀዳውን ልንገርህ፣ በምድር ቤቱ ምዕራብ ግድግዳ በኩል ያለውን ክምር ነው። የምሥራቁ ሰብቷል፤ በጠመኔ ጽፌበታለሁ። መቼም ገዳም ብትገባም ቃሉን አልረሳኸውም፤ እኛ ሰባ ስንል ታመመ ማለታችን ነው። ቢራው ዘይት ሆኖ ክር እየሳበ ይወርዳል። ለሰው አይቀርብም፣ አይደፋምም። ካልነካኩት በስምንት ዘጠኝ ወር ራሱ ይድናል፤ ከዳነ ደግሞ ታሞ ከማያውቀው ይበልጣል። የሚያስፈልገው ዝም ብሎ የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው።

በፋሲካ አንድ ጠርሙስ እልክልሃለሁ።

አሊዳ


ሆልቤክ፣ ማርች 14፣ 1996

ፊርሚን፣

ሰላምታ የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ዮሪስ በጭነት መኪና መጣ። ወረቀቱን አሳየኝ፤ ስሙ የተላለፈው ለሱ ነው። ፊርማህን ሳየው መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ አንተ ሁሌም «ፊ»ን ስታሳምር ጊዜ ትወስዳለህ፣ እዚህም ላይ አሳምረኸዋል። «አክስቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ነገሩ በሕግ ነው» አለኝ፣ በእግሩ መሬቱን እያሻሸ። ስሙንም፣ ጠረጴዛውንም፣ የታሸገውንም ቢራ፣ የምዕራቡንም የምሥራቁንም ክምር፣ ይዞ ሄደ። የተረፈኝ ምድር ቤቱና ገና ያልበሰለው በርሜል ነው።

ሰው እህቱን ይክዳል፣ ደግ። ክዶ ግን «ገጹ አለቀ» አይልም። አንድ መስመር እንኳ ቦታ አልነበረህም? አይቡን ብትተወው ኖሮ ሦስት መስመር ታገኝ ነበር።

እንዳትጽፍልኝ አልልም። ጻፍ። ግን መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጻፍ።

አሊዳ


ከገዳሙ፣ ኤፕሪል 12፣ 1996

ለእህቴ፣

ከፋሲካ በፊት ልጽፍ አልተፈቀደልኝም፤ ቢፈቀድልኝም ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር። ሰላም ልበልሽ? ሰላም በይኝ ማለትስ ይገባኛል? እንዲያው ደጃፍሽ ላይ እንደቆምኩ ልናገር።

ዮሪስ በጃንዋሪ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ብቻዋን ናት፣ አንድ ቀን ከዚያ ደረጃ ላይ ወድቃ የሚያገኛት ሰው አይኖርም አለኝ። ቤቱ እንዳይዘጋ እኔ ልረከብ፣ እሷም ትረፍ አለኝ። እውነት መሰለኝ። አንቺን ላሳርፍሽ ነበር አሊዳዬ። እስከ መቼ በርሜል ትጎትቻለሽ?

በቢራው በዓል እሑድ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ስጨነቅ አድራለሁ። አትሂጂ። ሰው ያይሻል፣ ያዝንልሻል፤ ያንቺን ጠባይ ስለማውቅ ነው፣ ሐዘኔታ አይስማማሽም። ከፈለግሽ በዚያ ቀን ወደዚህ ነይ፤ ለእንግዶች የተዘጋጀ ክፍል አለ።

ይቅርታሽን አልጠይቅም። ደብዳቤሽን ብቻ።

ፊርሚን


ሆልቤክ፣ ሜይ 21፣ 1996

ወንድሜ፣

እንደምን ነህ? ሰላምታዬ ተመልሷል፤ ንዴቴም አብሮት መጥቷልና ሁለቱንም ተቀበል።

በፖስት ካርድ ለላክሃት ጥያቄ መልሴ፦ ሄድኩ።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የስፖርት አዳራሹ ሲከፈት ከሁሉ ፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። በር ላይ የተቀመጠችው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ስታየኝ ደነገጠች።

«እትዬ አሊዳ፣ የቀማሚዎች መግቢያ እኮ በጓሮ በኩል ነው።»

«ዘንድሮ እንግዳ ነኝ። ብርጭቆ ስጪኝ።»

መስመር የተሠመረባትን ትንሿን ብርጭቆ ሰጠችኝ። ሃያ ኩፖን ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። «ሃያ? ብቻዎን?»

«ጠረጴዛው ስንት ነው?»

«ሃያ።»

«እንግዲያው ምን ያስደነግጥሻል?»

ሐሳቤ ይህ ነበር። ማኅበሩ ቀማሚ አይደለሽም ካለኝ ቀኑን ሙሉ ስቀምስ ልዋልለት። አንድም ጠረጴዛ ሳልዘል፣ ያገኘሁትን ፊት ለፊት እየተናገርኩ። ማዘን የፈለገ ከኋላዬ ተሰልፎ ይዘን።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ጢማም የጌንት ልጅ ነው፤ ቢራው ውስጥ የጽጌረዳ አበባ ጨምሮበታል። «እንዴት ነው እማማ?» አለኝ። «ልጄ፣ ይኼ ለመጠጥ ነው ወይስ ለገላ መታጠቢያ?» አልኩት። አጠገቡ ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ደግ ልጅ ነው፣ አብሮ ሳቀ። «ከአበባው ሥር ጥሩ ቢራ ደብቀሃል፤ ምን አድርጎህ ነው የምታፍነው?» ስለው ግን ሳቁን ተወና ደብተር አወጣ። ከዚያ አንድ ባልና ሚስት፣ ከምዕራብ ፍላንደርስ፣ ቀይ ጎምዛዛ ቢራ ያላቸው። ቀመስኩና «ከበርሜሎቻችሁ አንዱ ውስጡ በስብሷል» አልኳቸው። ሚስትየው ብርጭቆ የምታደርቅበትን ጨርቅ ወርውራ ወደ ባሏ ዞረች፦ «ብዬህ ነበር! አራተኛው ነው ብዬህ ነበር!» ጥያቸው ሄድኩ፤ ከሰዓት በኋላም ሳልፍ ገና አልታረቁም ነበር።

ከኤኖ አውራጃ የመጣው ሽማግሌ ፈረንሳይኛ እንጂ ሌላ አያውቅም፣ የኔን ፈረንሳይኛ ደግሞ ታውቀዋለህ። የገብስ እርሻ ላይ ለሚውል ሰው የሚጠመቅ ቢራ ነው የያዘው፤ ቀላል፣ ደረቅ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚመር። ጨረስኩትና ባዶውን ብርጭቆ ገልብጬ አሳየሁት። ከወገቡ ጎንበስ አለልኝ። ሌላ አንድም ቃል አልተለዋወጥንም፤ ከቀኑ ሁሉ ግን ከሱ ጋር በደንብ ተግባባሁ።

የመነኮሳት ዓይነት የተባለ ጥቁር ቢራም ቀምሻለሁ። ያንተኑ ያህል ጨዋ ነው፣ ያንተኑ ያህልም የሚደብቀው ነገር አለው።

ሰከርሽ ወይ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ከየብርጭቆው አንድ ሁለት ጉንጭ ነው፣ የቀረው ለባልዲው። የጨረስኳቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ ይገባቸው ነበር። በስምንት ሰዓት ተቀምጬ ዳቦ በነጭ አይብና በሚያቃጥለው ሥር በፍጅል በላሁ። በዚያች ሰዓት ሬሚ ኦቨርስትራተን፣ የማኅበሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ አሁን ሰማንያ አልፎታል፣ ከዘራውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አሊዳ፣ እስቲ በኔ ጠረጴዛ ጀርባ ሆነሽ እረፊ። ሰው እያየሽ ነው» አለኝ። «እንዲያየኝ ነው የመጣሁት ሬሚ» አልኩት። ፍጅሌን አንሥቶ በላብኝ።

አሥራ ዘጠኙን ጨርሼ አንድ ኩፖን ቀረኝ። ሃያኛው ጠረጴዛ የኛ ነው። «ቨርሃሰልት እና ወንድ ልጁ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ዮሪስ አዲስ የቆዳ ሽርጥ ለብሷል። ከስሙ ዝና የተነሳ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። እኔ ግን ገና ከሩቅ ሲቀዳ አየሁት፤ ቢራው ከጠርሙሱ አፍ ክር እየሳበ ነው የሚወርደው። የምሥራቁን ክምር ነው ያመጣው! እሱ ደግሞ «ሐር ነው! ሐር!» እያለ ይጮኻል።

አንድ የብራስልስ ሰው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳና «ወንድም፣ ሰላጣውስ የታለ? ዘይቱን አምጥተህልኛል» አለው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አንዷ በጣቷ ክሩን እየሳበች ለባሏ ታሳያለች። ዮሪስ ፊቱ ቀላ። ከኋላ አንድ ሰው «ተዉት፣ ያ ቤት ድሮም ሽማግሌው የሞተ ዕለት አብሮ ሞቷል» አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። አልዋሽህም፣ ለዚህች ሰዓት ነበር የሄድኩት። ያንን ስሰማ ግን ልቤ ነደደ። ሰልፉን ጥሼ ኩፖኔን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«አክስቴ፣ እባክሽ፣ አሁን አይደለም» አለኝ በሹክሹክታ።

«እንግዳ ነኝ። ቅዳ።»

ቀዳ። አሸተትኩ፣ ቀመስኩ፣ አፌ ውስጥ ያዝኩት።

«ሰብቷል» አልኩ ጮክ ብዬ። ከኋላ ሽማግሌዎቹ ቀማሚዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ወደ ብራስልሱ ሰው ዞሬ «ስማ ጌታው፣ ይኼ ታሟል እንጂ አልሞተም። ዘይቱን እርሳውና ከሥሩ ያለውን ቅመስ። የዛሬ ዓመት ይህችን ጠርሙስ ፍለጋ በባቡር ትመጣለህ፣ ያን ጊዜ እኔም ሰላጣ አቀርብልሃለሁ» አልኩት።

ዮሪስ በዚህ ጊዜ ፈነዳ። «የምን ዓመት! ነገ ጠዋት ሁሉንም ቦይ ውስጥ እደፋዋለሁ! እስከ መጨረሻዋ ጠርሙስ!»

«ከምትደፋው ለኔ ስጠኝ።»

«ውሰጂው! ቆሻሻ ነው፣ ውሰጂው!»

ሬሚ መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ከብርጭቆ ሥር የምትቀመጠዋን ክብ ካርቶን ገልብጦ እርሳሱን አስጠጋለት። «ቃል ይረሳል ልጄ፣ ጻፈው» አለው። ዮሪስም በንዴት ጻፈ፤ የሰባውን ቢራ በሙሉ ለአክስቴ ለአሊዳ ሰጥቻለሁ። ፈረመ። ሬሚም ምስክር ብሎ ፈረመ። እንግዲህ ዘንድሮ በቤታችን ፊርማ እንደ ጉድ ረክሷል።

ዛሬ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ጠርሙስ ወደ ምድር ቤቴ ተመልሷል። እግሬ አብጧል፣ ግን ደህና ነኝ። ያዘነልኝ ሰው አላየሁም።

አሊዳ


ሆልቤክ፣ ጁላይ 2፣ 1996

ወንድሜ ፊርሚን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። መልሴ የዘገየው ጥያቄህ ስላስቆጣኝ ነው፤ ያስቆጣኝም ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

አዎ፣ የታመመውን ለበዓሉ እንደሚይዘው አውቅ ነበር። ዮሪስ በማርች ጠርሙሱን ሲጭን ከምሥራቁ ክምር ፊት ቆሞ የጠመኔውን ጽሑፍ አነበበ። «ሰብቷል የሚለው ምንድን ነው አክስቴ?» አለኝ። «ሰብቷል ማለት ሰብቷል ነው» አልኩት። «ታዲያ ምርጡ ይኼ ነዋ!» ብሎ ሳቀ፣ በሬ የሚገዛ መሰለው። «ለበዓሉ ይኼን ነው የምይዘው» አለ። እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ውሸት አልተናገርኩም። ሁለተኛ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። የቀማሚን ቤት የሚወስድ ሰው የቀማሚን ቃል ይወቅ። ንስሐ ግቢ ካልከኝ፣ አልገባም። ያ ሰውዬ «ቤቱ ሞቷል» ሲል መስማቴ ቅጣትሽ ነው ካልከኝ ግን እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ።

ጠርሙሶቹን እየዘፈዘፍኩ የስም ወረቀታቸውን ላጥኩት። ስሙ የሱ ነው፣ ይያዘው። ድሮ ወረቀት ሳይመጣ እንደሚደረገው በየጠርሙሱ ጎን ላይ አንድ የኖራ መስመር አድርጌ አስተኝቻቸዋለሁ። አልነካካቸውም። ይድናል ወይ ብለህ በየወሩ እንዳትጽፍልኝ፤ መጠበቅ ያለብን ሁላችንም ነን።

አሊዳ


ሆልቤክ፣ ጃንዋሪ 19፣ 1997

ወንድሜ ፊርሚን፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አደረሰህ። ዳነ!

የሦስቱ ነገሥታት፣ የሰብአ ሰገል፣ በዓል ዕለት አንዱን ከፈትኩ። ቡሹ ሲወጣ ገና በድምፁ አወቅሁት። አረፋው ነጭ ነው፣ ክሩ ጠፍቷል፣ ሽታው የእርጥብ ድርቆሽና የአረንጓዴ ፖም ነው። ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትናገር።

ማኅበሩ አዲስ ቤት ሲመዘግብ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ያስቀምሳል። ባለፈው ሐሙስ መጡ፣ ሬሚ ከነከዘራው፣ ጸሐፊውም ከነመዝገቡ። ሽማግሌዎቹ ያሉት ሁለተኛ ቅጂልን ብቻ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አውጥቶ «በየትኛው ወንድ ስም ይመዝገብ?» አለኝ። «ቀምሶ ባዋሐደው ሰው ስም» አልኩት። «ማለቴ፣ አባት ወይስ ልጅ...» ብሎ ሲጀምር ሬሚ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «አንተ ሰው፣ ብርጭቆህን ጨርስና የምትልህን ጻፍ!» ጻፈ። በሜይ በዓል ላይ ሃያ አንደኛው ጠረጴዛ የኔ ነው።

እሽጉ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አለ። ከአበምኔቱ ጋር ክፈተው፣ ግን አስቀድመህ አንተ ቅመስና ምን እንዳገኘህበት ጻፍልኝ። የወንድ ልጁን ፍርድ መስማት እፈልጋለሁ። ደረጃው አልጣለኝም፣ ሰላም ሁን።

አሊዳ


ከገዳሙ፣ ፌብሩዋሪ 10፣ 1997

ለእህቴ ለአሊዳ፣

ጾሙ ሳይገባ ልጻፍ፣ ከገባ ሰበብ አገኛለሁ።

ጠርሙሱ ደርሶኛል። ምን አገኘህበት ላልሽኝ፣ ምንም። ጎምዛዛ ነው። አበምኔቱ ዓይናቸውን ጨፍነው «ድርቆሽ፣ ፖም» ሲሉ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የማደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ሌላ ነገር አግኝቼ አላውቅም አሊዳ፣ ያኔም ቢሆን።

ያኔ ምን ይሆን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሁለታችን ብቻ እናውቃለን። አባባ የስንት ዓመት ቢራ እንደሆነ ቀምሼ እንድለይ ሦስት ብርጭቆ ከፊቴ ይደረድራል። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር፣ ከኋላው ቆመሽ ጠርሙስ ታጥቢያለሽ። በጣትሽ ታሳይኛለሽ፤ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት። እኔም አሰላስዬ እንዳገኘሁት ሰው ያንኑ እናገራለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፍኩ። አባባ በየመጠጥ ቤቱ «የልጄ ምላስ ወርቅ ነው» ሲል እሰማ ነበር። ከዚያ አንቺ ጉንፋን ይዞሽ የተኛሽበት ቀን መጣ፤ በነጋታው ቅምሻ ነበር። ሌሊቱን ሻንጣዬን አሰርኩ። ጠዋት እግዚአብሔር ጠራኝ አልኩ።

አልጠራኝም ነበር። ፈርቼ ነው የሸሸሁት። ይህን ለአንድም አበምኔት ተናግሬ አላውቅም።

ስሙን ለዮሪስ የፈረምኩት ደረጃው ላይ እንዳትወድቂ ብዬ አልነበረም። ያን ሰበብ እሱ ሲሰጠኝ ተቀበልኩት እንጂ። ማኅበሩ ስሙን ላንቺ ካዞረ ሰው «ታዲያ ወንድ ልጁ ምን ነበር?» ይላል ብዬ ነው። ያንቺን ስም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማየት አልቻልኩም። ሰባ ሁለት ዓመቴ ሊሞላ ነው፣ ቆቤ ሥር ያለው ቅናት ነው።

አሁን ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ባትጽፊልኝም ይገባኛል።

ፊርሚን


ሆልቤክ፣ ማርች 1፣ 1997

ወንድሜ ፊርሚን፣

እንደምን ነህ? አልተቆጣሁም። ተቀምጠህ አንብብ።

ሁለታችን ብቻ እናውቃለን ያልከው ስሕተት ነው። አባባ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ያ ሰው ጠርሙስ ሳጥብ ሁሌም ከጀርባዬ ቆሞ ነው የሚቆጣጠረኝ፤ በቅምሻ ሰዓት ብቻ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል። ፋኖሱን ደግሞ ከብርጭቆዎቹ አርቆ ከኔ እጅ አጠገብ ይሰቅለዋል። አንተ ጣቴን ያየኸው በማን መብራት መሰለህ?

አንተ በሄድክ ማግሥት ከአልጋዬ ተነሥቼ ወረድኩ። ሦስቱ ብርጭቆ እንደተደረደረ ነበር። «አንቺ ቅመሺ» አለኝ። ቀመስኩ፣ ነገርኩት። ከዚያ «ልጁን አታሳፍሪው» አለኝ። «እና ወንድ ልጁ» የሚለውን በጠርሙሱ ላይ ያስጻፈው በዚያው ሳምንት ነው። አንተ አልነበርክም፣ እንዴት ታውቃለህ። በአገሩ ያለ ሰው ሁሉ ስምህን ካነበበ ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም ብሎ ነው።

እኔም ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየሁት ማኅበሩን ፈርቼ መሰለህ? ማኅበሩን መቼ ፈርቼ አውቃለሁ! ባለፈው ዓመት ፈርምልኝ ያልኩህም ልለውጠው አልነበረም፤ እንደተሸፈንክ እንድትቆይ ነው። መሸፈኛህን ከላይህ ላይ ገፈህ ለቁም ሳጥን ሻጭ የሰጠኸው አንተው ነህ።

ይቅር ብያለሁ። ግን ከእንግዲህ አልሸፍንህም። በሜይ በጠረጴዛዬ ላይ «አሊዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ አባትም፣ ልጅም፣ ወንድምም የለበትም። «ወንድ ልጁስ?» የሚለኝ ከመጣ «አንተው ጠይቀው» ብዬ አድራሻህን እሰጠዋለሁ።

አንተም ሃምሳ ዓመት ተደብቀህ ጸልየሃል። አሁን የምትደበቀው ነገር የለም፤ ወደህ የምትጸልይ ከሆነ እዚያው ቆይ፣ ካልሆነ ና። ክፍልህ አለ፣ በርሜል የሚጎትት ሰውም ያስፈልገኛል። ቅምሻው ግን የኔ ነው።

እህትህ አሊዳ